ወንድሜ ዞሮ አያይም

እኔ ፈሪ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም። ሰማይ ጥርት ሲል እፈራለሁ፤ ስልኬ ሳይጠራ ሲውል እፈራለሁ፤ መብራት ሳይጠፋ ሲሰነብት ደግሞ ምን ሊመጣ ነው ብዬ እፈራለሁ። ጀግና ለአገሩ፣ ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እናቴ በሕይወት ሳለች ፍርሃቴን ትወደው ነበር። ከእሷ በኋላ ፍርሃቴን የፈለገው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም በምሥራቅ እስያ ያለ፣ የኮምፒውተርና የስልክ ቺፕ የሚሠራ ፋብሪካ ነው።

ቆቦ ተቀምጦ እዚያ ያለ ፋብሪካ መጠበቅ ቀልድ ይመስላል። ጎረቤቶቼ «ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «ዘበኛ ነኝ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። የምሬን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሲሊከን ከሚባል ነገር የተሠሩ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቁ ስስ ክብ ሳህኖች ከማሽን ማሽን ይዘዋወራሉ። በላያቸው ላይ ዓይን የማያየው ነገር ይቀረጻል። ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት ጋዞች አንዳንዶቹ ሽታ እንኳ የላቸውም፤ ሰው ግን ይገድላሉ። በየማሽኑ ጎን ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ ሣጥን ተሰቅላለች። ሣጥኗ ራሷን የቻለች ኮምፒውተር ናት። ጋዙን፣ ሙቀቱን፣ የአየሩን መውጣትና መግባት እዚያው ትለካለች፤ እዚያው ታስባለች። ሁሉን ነገር ርቆ ወዳለ ትልቅ ኮምፒውተር ልኮ መልስ መጠበቅ ጊዜ ይፈጃል፤ ጋዝ ደግሞ መልስ አይጠብቅም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንለውን እነሱም በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። የእኔ ሥራ ሣጥኗ ምን ስታይ ምን ማድረግ እንዳለባት መጻፍ ነው። ምኑን መፍራት እንዳለባት የማስተምራት እኔ ነኝ ብል ይቀላል።

እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ታናሽ ወንድሜንም ያስገባሁት እኔ ነኝ። የአባታችን ዓይን ጨርሶ ሲደክም አንዳችን መመለስ ነበረብን፤ እኔ ተመለስኩ፣ እሱ ቀረ። አለቃዬ ጥብቅ ሴትዮ ናቸው፤ ሥራዬን ግን ስለሚወዱት ካገሬ ሆኜ በኢንተርኔት እንድሠራ ፈቀዱልኝ። ወንድሜ ማሽኖቹን ይጠግናል፤ እኔ ከሩቅ ሣጥኖቹን አሠለጥናለሁ።

ዘበኝነቱን ግን የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ራያ ቆላ ያደገ ሰው ይገባዋል። ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች፣ በስተምዕራብ ከላስታ ተራሮች ጎርፍ ይመጣል። ማሽላችን የሚጠጣው እሱን ነው። ሰዉ በሆርማት ወንዝ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈርና በድንጋይ ክትር ጠልፎ ወደ ቦይ ያስገባዋል። ቦዩ ግን በየጊዜው ደለል ይሞላዋልና ጎርፉ ሳይደርስ ወርዶ መጥረግ ያስፈልጋል። ቦዩ ጥልቅ ነው። ውሃው ድንገት ከደረሰ ውስጡ ያለውን ሰው ከነአካፋው ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ አንድ ሰው የቦዩ አፍ ላይ ይቆማል። ዓይኑ ተራራው ላይ፣ ጆሮው ወንዙ ላይ ነው። የሚመጣው ውሃ ካስፈራው ክትሩን ንዶ ወደ ወንዙ ይመልሰዋል። ማንንም አይጠይቅም። ውሃውን የሚያከፋፍሉትን፣ የውሃ አባት የሚባሉትን ሽማግሌ እንኳ አያስፈቅድም። ማሽላው በዚያ ሰበብ ውሃ አጥቶ ቢደርቅ እንኳ «ለምን ናድከው?» የሚል የለም። ይህ አንዱ ሕግ ነው። ሌላው ደግሞ ቦይ ውስጥ ያለውን ሰው ይመለከታል፤ ቦይ ውስጥ ያለ ሰው ዞሮ ወደ ላይ አያይም። ነውር ነው። አፉ ላይ የቆመውን ሰው አላመንኩህም እንደ ማለት ነው። ዞሮ ሲያይ የተገኘ እንደሆነ አፉ ላይ ያለው ዱላውን ይዞ ይወርድና «እንግዲያው አንተ ቁም» ብሎ ያስጨብጠዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ለማስታረቅ ሽማግሌ መቀመጥ አለበት። አንድ ጎረቤታችን በዚሁ ነገር ከአማቹ ጋር ተቀያይሞ የልጁ ሠርግ ላይ ሳይገኝ ቀርቷል።

አባቴ ዓይናቸው መፍዘዝ ሲጀምር አፉ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሴት ትቆማለች ወይ ብለው ያጉረመረሙ አልጠፉም። አባቴ «እሷ ፈሪ ናት፤ ከፈሪ የተሻለ ዘበኛ ከየት ታመጣላችሁ?» ብለው ዘጓቸው። ወንድሜ ጎርመስ ሲል እሱ ወደ ቦዩ ወረደ። እኔ ከላይ ሆኜ ተራራውንና የእሱን ማጅራት በየተራ አያለሁ። አንድም ቀን ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። ሌላው ሰው ቢያንስ ላቡን የሚጠርግ መስሎ በክንዱ ሥር ይሰርቃል፤ እሱ ይህንንም አያደርግም። በዚህ እኮራ ነበር፤ እፈራም ነበር።

አለቃዬን እሟገታቸው የነበረው በዚሁ ጉዳይ ነው። ሣጥኗ አደጋ ስታይ ራሷ ጋዙን ትዝጋ እላለሁ። እሳቸው አይሆንም ይላሉ። የሣጥኗ መለኪያ፣ ሴንሰሩ፣ አንዳንዴ ይዋሻል፤ በውሸት ከተዘጋ ስንት ሳህን ይበላሻል፣ መስመሩ ሁሉ ይቆማል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሣጥኗ ስትሰጋ በሩ አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ መብራት ቢጫ ታደርግና የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ትጠይቃለች። ጋዙን የሚዘጋውና ጩኸቱን የሚያስነሳው የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ነው። ቢጫዋ መብራት ድምፅ የላትም። ያየ ይወጣል፤ ያላየ አላየም።

በስብሰባ ላይ የቦዩን ነገር አንስቼ ነግሬያቸዋለሁ። በጨዋነት ሰሙኝና ፈገግ አሉ። እኔም ሙጭጭ አልኩ። በመጨረሻ ሰለቻቸው መሰለኝ በአንድ ክፍል ብቻ ይሞከር ተባለ። አዲሱን ትእዛዝ ሣጥኖቹ ላይ ጫንኩ። ራሳቸው የሚዘጉበትን ሥልጣን ግን ወዲያው አልሰጠኋቸውም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጥሮቻቸውን ተከታትዬ ልቤ ሲሞላ ልከፍትላቸው ነበር። እስከዚያው ከዚያ ክፍል ጥያቄ ቢመጣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የእኔን ቃል ሰምቶ እንዲዘጋ ተስማማን። በአጭሩ፣ አፉ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።

በዚያን ዕለት ወንድሜ ሥራ ሳይጀምር ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ ያንቺ ሣጥኖች ያሉበት ክፍል ተመድቤያለሁ። የአንዷን ማሽን ፓምፕ ፈትቼ ማጽዳት አለብኝ።»

«መብራቷን እያየህ ሥራ» አልኩት።

«መብራቷ ከጀርባዬ ናት።»

«እና ዞር እያልክ እያት።»

«አፉ ላይ አንቺ እያለሽ? ምን ነካሽ እትዬ፣ ልታሰድቢኝ ነው?» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ምን ልደብቅ፣ ደስ ብሎኛል። ባሕር ማዶ ተሻግሮም፣ ከእግር እስከ ራሱ በነጭ ልብስ ተጠቅልሎም ያው የቦዩ ልጅ ነው አልኩ በልቤ። «አላህ ይጠብቅህ» ብዬው ዘጋን።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። ቆርቆሮው ይንጣጣል። አባቴ በረንዳው ላይ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። የሣጥኖቹ ቁጥሮች በላፕቶፔ ላይ በጸጥታ ይሄዳሉ፤ የጋዙ ሁሉ ዜሮ ነው። ማሽኑ ተዘግቶ ቧንቧው ታጥቧልና ወንድሜ በሕጉ መሠረት ጭንብሉን ማውለቅ ይችላል። ማውለቁንም አውቃለሁ፤ ጭንብል ያፍነዋል፣ ልጅም ሆኖ ፊቱን ሲሸፍኑት አይወድም።

መብራት ጠፋ። አዲስ ነገር አይደለም፤ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ኢንተርኔቱም ከስልኬ ነው። መመልከቴን ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ ከሚጠግነው ማሽን ጎን፣ በሥራ ላይ ባለው በሌላው ማሽን፣ የአየር ማስወጫው አቅም ዝቅ ማለቱን አየሁ። ቀጥሎ የጋዙ ቁጥር ከዜሮ ወጣች። ትንሽ ናት፤ ሴንሰር ሲያስነጥስ የሚያሳያት ዓይነት ናት። ቀጣዩን ቁጥር ልይ ብዬ ጠበቅኩ። የመጣው ቁጥር ከፊተኛው በለጠ። እጄን ወደ መልእክቱ ስሰድ ገጹ ቆመ። ስልኬን አነሳሁ፤ ኔትወርክ የለም። መብራት ሲጠፋ ታወሩ በጀነሬተር ይሠራል፤ ጀነሬተሩ ነዳጅ ከሌለው እሱም ያልቃል። ይህንንም ቆቦ ያለ ሕፃን ያውቃል።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቀውም። ጎርፍ ሲመጣ ጉሮሮህን ትከፍትና ትጮኻለህ፤ ክትሩን በእጅህ ትንዳለህ። እኔ ምን ልናድ? ሣጥኗ አደጋውን አይታለች፤ የመዝጋት ሥልጣን ግን የላትም። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የእኔን ቃል ይጠብቃል። መብራቷ ቢጫ ሆናለች፤ ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቷታል። ሌላ ሰው ቢሆን በሥራው መሐል አንዴ ዞር ይላል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ በሩን ያያል። እሱ አያይም። እኔ እዚያ ቆሜያለሁ ብሎ ያምናል።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አባቴ። ወንበሩ ሲወድቅ ሰምተው ነው።

«ኔት ጠፋ አባ። ልጁ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ጋዝ አለ።»

«አፉ ላይ ማን አለ?»

«እኔ ነበርኩ።»

ሙስበሃው ከአባቴ እጅ ወደቀ፤ ለማንሳትም አልዳሰሱ። ቆይተው «አብሽሪ ልጄ፣ ሂጂ» አሉኝ። አብሽሪ የሚሉኝ አይዞሽ ለማለት ነው። ጫማዬን ሳልቀይር፣ በቤት ነጠላ ጫማ ወጣሁ።

አስፋልቱ ላይ ስልኩን ወደ ሰማይ የዘረጋ ሰው እኔ ብቻ አልነበርኩም። አንዱ ዋጃ ኔት አለ ይላል፤ ሌላው ወላሂ ከጎብዬ አሁን መምጣቴ ነው፣ እዚያ አለ ይላል። የማለውን አመንኩ። አንዱን ባጃጅ አስቁሜ «ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው፣ ወደ ጎብዬ ንዳ» አልኩት። ልጁ ነገሩን ሆስፒታል መስሎት «ታዲያ በሽተኛው የታለ?» አለኝ። እስያ ነው ብዬ ብነግረው ያወርደኛል ብዬ ፈራሁ። «ንዳ ብቻ» አልኩት።

መንገዱ መንገድ አልሆን አለኝ። ከአፋር በኩል የሚመጡ ግመሎች አስፋልቱን ይዘው ይንጎማለላሉ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ ግማሹን ዘግቶታል። ሮቢት ደረስን፤ ስልኬ ላይ አንዲት የኔትወርክ መስመር ብቅ ብላ ጠፋች። ወርጄ ወዲያ ወዲህ አልኩ፣ የለም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ምነው ልጄ፣ የምን መርዶ ነው?» አለችኝ። «ገና ነው እናቴ፣ ገና አልሰማሁም» አልኳት። እንደዚያ ብዬ የመለስኩላት ለምን እንደሆነ አላውቅም። እሷም «ያ ረብ» ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ባጃጁ ላይ ተመልሼ ወጣሁ።

በመንገዱ ሁሉ የማየው ማጅራቱን ነው። አንገቱ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ትንሽ ጠባሳ አለች። ዙር፣ ዙር፣ አንዴ ዙር እላለሁ፤ ባጃጅ ነጂው ለእሱ የምናገር መስሎት «ወዴት ነው የምዞረው እህቴ?» አለኝ። ነውሩን ያስተማርነው እኛ ነን። አባቴ አስተማሩት፣ እኔም አፉ ላይ ቆሜ አጸደቅኩለት። ጥሩ ልጅ ባይሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር አስቤ አላውቅም።

ጎብዬ ልንገባ ስንል ስልኬ ተንጫጫ። ባጃጁን አስቁሜ እዚያው መንገድ ዳር ቁጢጥ አልኩ። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ የተላኩ መልእክቶች ተግተልትለው ገቡ። «ቁጥሩ እየጨመረ ነው፤ እንዝጋ?» «አለሽ?» «አለሽ እንዴ?» ከዚያ የአለቃዬ፤ «መልስ ስላጣን እኔ ራሴ አዘጋሁት።» ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስለ ሰው አንድ ቃል የለም። ለወንድሜ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ። ባጃጅ ነጂው አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ ሒሳብ ሊጠይቅ መስሎኝ ነበር፤ ጃኬቱን አውልቆ ፀሐዩን ከለለልኝ።

አለቃዬ ራሳቸው ደወሉ። ጩኸቱ ሲነሳ ሌሎቹ ሮጠው ወጥተዋል፤ ወንድሜ አልወጣም። የሥራ ጓደኛው ጭንብል አድርጎ ተመልሶ ገብቶ ማሽኑ ሥር ተደግፎ አገኘው፤ ጎትቶ አወጣው። ጋዙ ሳንባው ገብቷል። ነቅቷል፣ ሆስፒታል ነው፣ ክፉ ደግ ሳይለይ መናገር አይቻልም አሉኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሣጥኗ ሥልጣን ቢኖራት ቀድማ ትዘጋው ነበር» አሉ። ክርክሩን አሸነፍኩ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ማሸነፍ ለጠላቴም አልመኝ።

ለአባቴ ነግሬ ሁለታችንም ሳንተኛ አነጋን። ድምፁን የሰማሁት በማግስቱ ነው። ሻካራ ነበር፤ በየቃሉ መሐል ይስላል።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ እትዬ» አለ።

አለቀስኩ፣ ሰደብኩት፣ ደግሞ አለቀስኩ። «ቢጫዋን አላየሃትም?» አልኩት።

«እንዴት አያታለሁ? አንቺ ነበርሽ።»

«ኔት ጠፍቶ ነበር። አልነበርኩም።»

«ይሁና፤ እኔ በምን አውቃለሁ?» ቅሬታ እንኳ በድምፁ የለም። «አሁንማ ሣጥኖቹ ራሳቸው ሊዘጉ ነው ተባለ። ያንቺ ትእዛዝ በሁሉም ክፍል ሊገባ ነው። ከዚህ በኋላ ኔት ኖረ አልኖረ ምን አስጨነቀኝ? ሣጥኗም ያው አንቺ ነሽ። ተመልሼ ስገባ ዞሬም አላይ።»

ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ፍርሃት ያዘኝ። ሣጥኗን የማውቃት እኔ ነኝ። ሴንሰሯ አቧራ ሲይዘው እንደሚሰንፍ አውቃለሁ። ያላስተማርኳት ነገር ቢመጣ እንደማታውቀው አውቃለሁ፤ ያላስተማርኳት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እሱ ግን ለሣጥኗም ማጅራቱን ሊሰጥ ነው።

አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አሁን የምናገረውን በእሳቸው ፊት መናገር ከበደኝ። በእኛ አገር እህት ለወንድሟ እንዲህ ስትል ተሰምቶ አይታወቅም።

«ስማኝ» አልኩት። «እኔን አትመነኝ። ሣጥኗንም አትመን። እየዞርክ እይ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ አተነፋፈሱን ሰማሁ፣ ያ የታመመ አተነፋፈሱን። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እሺ» አለ ወንድሜ በመጨረሻ። ለባዕድ ሰው እንደሚባል ነው ያለኝ።

ድኖ ሥራ ተመልሷል። ያዘዝኩትን ያደርጋል፤ እየዞረ እንደሚያይ ጓደኞቹም ነግረውኛል። ይደውላል፣ አይጠፋም። ሲደውል ግን እንደ ድሮው «እትዬ፣ ደህና ነሽ?» አይለኝም። ገና ስልኩን ሳነሳ «ኔት አለ?» ይለኛል። አዎ እለዋለሁ። «እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል፤ እኔንም ዞሮ እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ።